ከባድ ማርሽ

በ1972 መጀመሪያ ላይ ሁለት አዲስ ሬንጅ ሮቨሮች በፓናማ በኩል ወደ ዳሪየን ጫካ ገቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአላስካ ተነስቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚዘረጋው የፓን አሜሪካ አውራ ጎዳና በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ይቆረጣል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በጭቃ የተለሰነ ገደልና በመጨረሻው ላይ የአትራቶ ወንዝ ረግረግ ነው። መኪኖቹ ሽታቸው ያልለቀቀ አዲስ ነበሩ። ዓይነታቸው ራሱ ለገበያ ከቀረበ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ጫካው ውስጥ ብዙም ሳይርቁ የኋላ ዲፍረንሻላቸው ይፈነዳ ጀመር። አንዱን ጠግነው ጥቂት እልፍ ሲሉ ሌላው ይከተላል።

ጉዞውን የሚመራው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲስ ክፍል መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ነበር። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥቶ ዓባይን ከጣና ጀምሮ በጀልባ የወረደውን ቡድን የመራው እሱ ነው። በዓባይ ሸለቆ ያስቸገረው ውኃው ነበር፤ በዳሪየን ደግሞ ከእግሩ ሥር ያለ፣ በዘይት የተሞላ የብረት ድቡልቡል አቆመው።

አዲስ መኪና አስቸጋሪ ቦታ ላይ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሾፌሩ ነው፤ ቀጥሎ ፋብሪካው። የዳሪየኑ ጥፋት ግን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ተላክኮ የሚታለፍ አልነበረም። ሞተሩ የሚያመነጨውን ጉልበት ለአራት ጎማ እንዴት ማካፈል ይሻላል? በስንት ማርሽ? ማርሹን የሚመርጠውስ ማነው፣ ሰው ወይስ መኪናው? እነዚህ ጥያቄዎች በዚያ ጊዜ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ፣ መልሳቸው አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ይለዋወጥ ነበር። ብዙውን ጊዜ መልሱን ያስለወጠው ደግሞ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ ላይ፣ የሆነ ነገር ሰብሮ መቅረቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥድፊያ ነው። በ1940 የአሜሪካ ጦር በአራቱም ጎማዎች የምትነዳ ቀላል የቅኝት መኪና እንድትሠራለት ፈልጎ ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ አቀረበ። የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለነበር ከቁም ነገር ቆጥረው የተነሱት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ዊሊስ ኦቨርላንድና ባንታም። ባንታም በፔንሲልቬንያ የምትገኝ፣ ልትዘጋ ጥቂት የቀራት ትንሽ ፋብሪካ ነበረች። ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ጠራች፤ እሱም ንድፉን በሁለት ቀን አወጣው። የመጀመሪያዋን መኪና ለማስረከብ የተፈቀደው 49 ቀን ነበር። መኪናዋ ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ሜሪላንድ ካለው የሆላቢርድ የጦር ሰፈር በራሷ ጎማ እየተነዳች ደረሰች።

በዚያ ጥድፊያ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አይታሰብም። ፕሮብስት ያደረገው ገበያ ላይ ያለውን መልቀም ነው፤ አክስሎቹ ከስቱድቤከር የቤት መኪና ተወስደው በስፓይሰር ኩባንያ የተቀየሩ ነበሩ። ጦሩ መኪናዋን ተቀብሎ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛውን ከመንገድ ውጪ፣ እስክትሰበር ነዳት። ሻሲዋ ተሰነጠቀ። መርማሪዎቹ ግን የተሰነጠቀውን ጽፈው መኪናዋን አልጣሏትም። ዊሊስና ፎርድም የየራሳቸውን አምጥተው ከተፈተኑ በኋላ ከሦስቱ የተውጣጣው ንድፍ ጂፕ ሆኖ ወጣ።

ጂፕን ከሌላ መኪና የሚለያት ከወለሏ የሚወጡት ሦስት ዘንጎች ናቸው። የመጀመሪያው እንደማንኛውም መኪና ማርሽ ይቀይራል፤ ያለው ሦስት ማርሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው የፊት ጎማዎችን ወደ ሥራ ያስገባል። ሦስተኛው ከካምቢዮው ጀርባ ያለችውን ትንሽ የማርሽ ሳጥን፣ ትራንስፈር የምትባለውን፣ ወደ ዝቅተኛው ያወርዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው እንደ ኤሊ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ወደ ጉልበት ተመንዝሯል ማለት ነው። የዊሊስ ሞተር 60 የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ዳገት የሚያወጣው ሞተሩ ሳይሆን ያች ሦስተኛ ዘንግ ነበረች። የኢትዮጵያ ሾፌሮች "ከባድ ማርሽ" የሚሉት ነገር ከእነ ትርፉ እዚያ ውስጥ አለ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ተሠሩ፤ ሲያልቅም የተረፉት በየአገሩ በርካሽ ተሸጡ።

ከተሸጡት አንዷ የሞሪስ ዊልክስ ነበረች። ዊልክስ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሲሆን፣ በዌልስ በአንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው። ጂፗ ለእርሻው ሥራ ሁሉ ትሆነዋለች፤ ግን መለዋወጫ የለም፣ ስታረጅም የሚተካት የእንግሊዝ መኪና የለም። በ1947 ሬድ ዋርፍ ከተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ሆኖ ሊሠራት ያሰባትን መኪና ቅርጽ ለወንድሙ ለስፔንሰር በአሸዋ ላይ እንደነደፈላት በሮቨር ቤት ሲነገር ይኖራል። ስፔንሰር የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነበርና ነገሩ በአሸዋ ላይ አልቀረም። የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪና በጂፕ ሻሲ ላይ ተሠራች። ብረት በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር አካሏ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሆነ። ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ላንድሮቨር ተብላ ወጣች።

ካምቢዮው ከሮቨር የቤት መኪና የተወሰደ ባለ አራት ማርሽ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ያለ ጩኸት ይገባሉ። አንደኛና ሁለተኛን ለማስገባት ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ በመሃል ቤንዚን እየሰጠ፣ በጆሮው መስማማት ነበረበት። ይህ ሥቃይ እስከ 1971 ድረስ፣ ሦስተኛው ትውልድ እስኪመጣ፣ ቀጥሏል።

የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር ትልቅ አዲስ ነገር ግን ሌላ ነበር፤ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማዎች ትነዳለች። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ራስ ምታት አለ። መኪና ስትታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ሰፊ ክብ ይዞራሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዘንግ ጥብቅ ብለው ከተያያዙ፣ ዘንጎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየተጠመዘዙ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ውጥረቱን ይለቀዋል፤ አስፋልት ላይ ግን የሚለቀው የለም፣ የሚሰበር ነገር ይፈልጋል። የሮቨር መሐንዲሶች መፍትሔ ከብስክሌት የኋላ ጎማ አሠራር ጋር የሚመሳሰል ነው። የፊት ጎማዎች ከሞተሩ ፈጥነው መዞር ሲፈልጉ በነፃ እንዲሽከረከሩ የሚለቅ መሣሪያ አስገቡ። እንዲቆለፍ የፈለገ ሾፌር ወለሉ ላይ ያለውን ቀለበት ይስባል።

በወረቀት ላይ ብልህ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ያው ነፃነት ጠላት ይሆናል፤ የፊት ጎማዎች ሞተሩን ስለማይሰሙት ማርሹ የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሲነዳም ቀለበቱ ካልተሳበ የፊት ጎማዎቹ አይረዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1950፣ ሮቨር ነገሩን ተወውና ጂፕ ወደሄደችበት መንገድ ተመለሰ። በደረቅ መንገድ በሁለት ጎማ፣ ሲጨቀይ በአራት። ቢጫ እጀታ ያለው ዘንግ ሲጫን የፊቱን ያገናኛል፤ ቀይ እጀታ ያለው ሲሳብ ከባዱን ማርሽ ያስገባና የፊቱንም አብሮ ያያይዛል። እነዚያ ሁለት ቀለሞች በእርጅና ሳይደበዝዙ ወደ ኢትዮጵያም በላንድሮቨር ወለል ላይ ሆነው መጥተዋል።

በዚሁ ጊዜ በጃፓን ሌላ ሰው ሌላ ስሌት ይሠራል። የኮሪያ ጦርነት በ1950 ሲፈነዳ ጂፕ የምትመስል መኪና በአቅራቢያው ተፈለገች፤ ቶዮታ በጃንዋሪ 1951 ቢጄ ብሎ የጠራትን አቀረበ። ቶዮታ በእጁ የነበረው የጭነት መኪና ሞተር ነው። 3.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከጂፕ ሞተር በብዙ የሚበልጥ። ከዚህ ሞተር ጋር ጉልበት የሚያበዛ ሁለተኛ የማርሽ ሳጥን አያስፈልግም ተባለና ሳይገባ ቀረ፤ አንደኛው ማርሽ በጣም ዝቅ ያለ እንዲሆን ብቻ ተደረገ። በዚያው ዓመት ክረምት ኢቺሮ ታይራ የተባለ የሙከራ ሾፌር መኪናዋን እስከ ፉጂ ተራራ ስድስተኛ ማረፊያ ድረስ ነዳት። ያዩት የፖሊስ ባለሥልጣናት 289 መኪና አዘዙ። "ጂፕ" የሚለው ስም የሌላ ሰው ንብረት ስለነበር በ1954 ላንድክሩዘር ተባለች።

ቶዮታ በትልቅ ሞተር ዘለልኩት ያለውን ከባድ ማርሽ ግን ገበያው አልረሳለትም። በ1960 የወጣው ባለ 40 ተከታታይ ሞዴል፣ ዓለም ላንድክሩዘርን ያወቀበት ማለት ነው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ትራንስፈር ይዞ መጣ። ካምቢዮው ለብዙ ዓመታት ባለ ሦስት ማርሽ ሆኖ ቆየ። ጃፓኖቹ በዚህ አላፈሩም፤ ጥቂት ጥርስ፣ ወፍራም ጥርስ፣ ትልቅ ሞተር። እንግሊዞቹ ደግሞ በትንሽ ሞተር ብዙ ማርሽ። ሁለቱ አገሮች ለአርባ ዓመት የተፎካከሩበትን ክርክር ወደ አንድ መስመር ማሳጠር ከተፈለገ ይኸው ይበቃል። ላንድሮቨር ያላቸው ሰዎች ረጅም መንገድ ሲወጡ ትርፍ የኋላ ጎማ ዘንግ ይዘው መሄዳቸው ለማን እንደሚመሰክር መገመት አያዳግትም።

ወደ ሬንጅ ሮቨር እንመለስ። በ1960ዎቹ ሮቨር ከጄኔራል ሞተርስ የቢዩክን ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተር የመሥራት መብት ገዝቶ ነበር። 3.5 ሊትር የሆነውን ይህን ሞተር ለገጠር መኪና ማሰብ የጀመረው የዊልክስ ወንድማማቾች የእህት ልጅ፣ ስፔን ኪንግ በመባል የሚታወቀው መሐንዲስ ነው። ኪንግና ጓደኛው ጎርደን ባሽፎርድ ባሌስትራውን ጥለው በጠምዛዛ ስፕሪንግ ላይ የምትንሳፈፍ መኪና ነደፉ። ያኔ የጉልበቱ ጥያቄ ተነሳ። የዚያ ሞተር ጉልበት በሙሉ በኋላ አክስል ብቻ ቢያልፍ፣ አክስሉ ወፍራምና ከባድ መሆን አለበት፤ ከባድ አክስል ደግሞ ያን የተመኙትን ልስላሴ ይገድላል። ስለዚህ ጉልበቱን ሁልጊዜ ለፊትና ለኋላ እኩል ማካፈል መረጡ። በ1950 የተጣለው ሐሳብ በሃያ ዓመቱ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን በነፃ በሚለቅ መሣሪያ ምትክ፣ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ሦስተኛ ዲፍረንሻል ከመሃል ገባለት። ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ ይቆልፈዋል። ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ነበር፤ ከትራንስፈሩ ጋር በአንድ ቤት የተሠራ፣ ጠንካራና ጩኸታም።

መኪናዋ በጁን 1970 ወጣች፤ በማግስቱ ዓመትም ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ለዕይታ ቀረበች። ከሙዚየም ወደ ዳሪየን የወሰዳት ደግሞ ያው የፓን አሜሪካው ጉዞ ነው።

እንግዲህ ጫካው ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ለረግረጉ ይበጃል ተብሎ ለመኪኖቹ ሰፋፊና ትላልቅ ጎማዎች ተገጥመውላቸዋል። በዕቃም እስከ ጣሪያቸው ተጭነዋል። ትልቅ ጎማ ማለት ረጅም ማንሻ ማለት ነው፤ ጭቃ ላይ በከንቱ ሲሽከረከር ቆይቶ በድንገት ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዝ፣ ያ ሁሉ ግፊት በዘንጉ በኩል ተመልሶ ወደ ዲፍረንሻሉ ጥርሶች ይሄዳል። በልክ የተሠራ አክስል ከልክ በላይ ተመታ። የተበላሸው ክፍል ከእንግሊዝ በአውሮፕላን እስኪመጣ ድረስ ሰው፣ ፈረስና መኪና ጫካ ውስጥ ጠበቁ። ሲመረመር ጣት በዋናነት የተቀሰረው በጎማዎቹ ላይ ነው፤ መኪናዋን የበለጠ ጫካ የሚያስችላት መስሎ የተጨመረው ነገር ነበር ያደከማት።

ከዚያ የሚያስቀው ነገር ተከተለ። ጉዞውን ለማስቀጠል ፓናማ ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ተገዛች፤ የሚወልቅ ነገሯ ሁሉ ወልቆ ቀልሏት ከፊት መንገድ መሪ ተደረገች። አዲሶቹ መኪኖች አሮጊቷን ተከትለው፣ በየጅረቱ በአሉሚኒየም መሰላል ድልድይነት እየተሻገሩ፣ ወንዝ ሲገጥም በጎማ ጀልባ ተጭነው እየተንሳፈፉ፣ በመቶ ቀን ገደማ ኮሎምቢያ ወጡ። በዚያው ጫካ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1960፣ አንዲት ላንድሮቨርና አንዲት ጂፕ ከ130 ቀናት በላይ ፈጅተው አልፈው ነበር። ያኔም በሰዓት የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሜትር ነበር።

ሬንጅ ሮቨርን በዚህ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ውድ የሆኑት የገጠር መኪኖች አብዛኞቹ በዚያው በመሃል ዲፍረንሻል መንገድ ይሄዳሉ። የዳሪየኑ ጉዞ ያጋለጠው ሌላ ነገር ነው። አዲስ መኪና ሲገዛ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ጎማ ማሳደግና ጣሪያ ላይ መጫን ነው፤ መሐንዲሱ ያሰላው ሚዛን የሚፈርሰውም በዚያው ቀን ነው።

ኢትዮጵያ ሞተር በጭቃና በገደል ሲቆም ያየችው ከዚህ ሁሉ ቀድማ፣ በመራራ መንገድ ነው። በኤፕሪል 1936 መጨረሻ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ 1,700 ያህል ተሽከርካሪ ይዞ ነበር። ጣርማ በር ላይ ዝናቡና የፈረሰው መንገድ ያን ሁሉ ሞተር አቁሞት፣ ወታደሩ በገመድና በጉልበት ሲጎትት፣ መንገድ ሲሞላ ሰንብቷል። አዲስ አበባ የገባው ሜይ 5 ቀን ነው። ጣሊያኖች ኋላ ያን በር በዋሻ በሱት።

ወራሪው በ1941 ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። የአማርኛ መካኒክ ስለ መኪና ሲያወራ ሳያውቀው የጣሊያን ማዕድ ቤት ውስጥ ይመላለሳል። የጭስ ማውጫ ድምፅ የምታፍነው ማርሚታ በጣሊያንኛ ድስት ናት፤ ካንዴላ ሻማ፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ። ባሌስትራ ቀስት ነው፣ ያውም የጥንት ወታደር በክንዱ የሚደግነው ዓይነት። ፍሬቻም ፍላጻ። ካምቢዮ መለወጥ ማለት ሲሆን፣ ማርሽ ከእርምጃ የመጣ ነው። አንዳንዱ ቃል ሥራ ቀይሯል፣ አንዳንዱ አጥሯል፤ ማርሽ ግን ከጋራዥ ወጥቶ ኳስ ሜዳና ፖለቲካ ውስጥ ሁሉ ገብቷል። ቡድኑ በሁለተኛው አጋማሽ "ማርሽ ቀየረ" ሲባል ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም።

ላንድሮቨርም በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በጥናት ቡድን እጅ አገሩን ዞራለች። ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ጠዋት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ ወዳገኙበት ቦታ የሄዱት በላንድሮቨር ነበር። የሦስት ሚሊዮን ዓመት አጥንት ለማግኘት መጀመሪያ የአፋርን አሸዋና ደረቅ ወንዝ የሚወጣ ማርሽ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ሶቪየት ሠራሿ ዋዝ መጣች። በፋብሪካ ስሟ ኡዋዝ 469፣ ባለ አራት ማርሽ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ትራንስፈር፤ ምቾቷ የሚያስወራ አይደለም። ነገር ግን ከሷ ጋር የተማረ ሰው ላንድሮቨር ላይ ቢቀመጥ የሚጠፋበት ነገር አልነበረም። የዘንጎቹ ትርጉም ከጂፕ ዘመን ጀምሮ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ሜዳው የላንድክሩዘር ሆነ። በ1984 የወጣው ባለ 70 ተከታታይ፣ በተለይ ከ1990 ወዲህ 4.2 ሊትር የሆነውንና ዋን ኤች ዜድ የተባለውን ያለ ቱርቦ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ይዞ፣ የእርዳታ ድርጅትና የገጠር ጤና ጣቢያ መኪና ሆነ። ፈጣን አይደለም። በሞተሩ ውስጥ ግን ኮምፒዩተር ካላየ አልነካም የሚል ነገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አምቡላንስና የመስክ መኪና አድርገው የሚገዙት ይህንኑ፣ ያውም በባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ነበር። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ካምቢዮ ከነቤቱ፣ ካልሆነም በየጥርሱ፣ ማፈላለግ የሚቻለው ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ወደዚህ ዓለም የገባው ዘግይቶ፣ በጥርጣሬ እየታየ ነው። ሬንጅ ሮቨር እንኳ ከፋብሪካ አውቶማቲክ ሆና የወጣችው በ1982 ነው፤ ከተወለደች አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ። ያኔ የገጠር ሰው ያነሳቸው የነበሩት ቅሬታዎች ሞኝነት አልነበሩም። ባትሪ ሲደክም አውቶማቲክን ገፍቶ ማስነሳት አይቻልም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ማንዋሉ አጥብቆ አይዝም። ዘይቱ ከጋለ ደግሞ ጫካ መሃል የሚፈታው ሰው አይገኝም። በሌላ በኩል አሸዋ ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የተረገጠባት ያች አንዲት ሰኮንድ መኪናዋን ለመቅበር ትበቃለች፤ አውቶማቲኩ ግን ጉልበቱን ሳያቋርጥ ያሳልፋል። ድንጋይ ላይ ሾፌሩ በፍሪሲዮን ሲያንጠለጥላት ሸራው ይቃጠላል፤ የአውቶማቲኩ ዘይት ግን ያን ሥራ የሚሠራው ያለ ሸራ ነው።

የኋለኛው ነጥብ በቅርቡ በአንድ አዲስ መኪና ላይ በግልጽ ታየ። ከ2018 ወዲህ የወጡት ማንዋል ጂፕ ራንግለሮች ፍሪሲዮናቸው ከልክ በላይ እየጋለ ስለሚሰበር፣ እሳትም ሊያስነሳ ስለሚችል፣ በ2021ም በ2023ም ለጥገና ተጠርተዋል። በ2021 የተሰጠው መፍትሔ የሚገርም ነው። ብረቱ አልተወፈረም፤ ፍሪሲዮኑ ሲግል የሞተሩን ጉልበት የሚቀንስ ሶፍትዌር ተጫነ። ማንዋልን የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው እግሩና እጁ እንዲያዝዙ ነው፤ አሁን ግን ከእግሩ በላይ ሌላ አዛዥ ተቀምጧል። በአንጻሩ የ2021 ፎርድ ብሮንኮ ከስድስቱ ተራ ማርሾች በታች አንድ ተጨማሪ የመዳኽ ማርሽ ያለው ማንዋል ይዛ ስትወጣ ገዢው ተደሰተ፤ ግን ከትንሹ ሞተር ጋር ብቻ ነው የሚሰጠው። ትልቁን የፈለገ አሥር ማርሽ ያለውን አውቶማቲክ ይወስዳል።

አሮጌዋ ላንድሮቨር ዲፌንደር በጃንዋሪ 2016 መሠራት ስታቆም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ወንድምና እህት ነበሯት። በ2020 በስሟ የመጣችው ማንዋል የላትም። ያቺን አሮጊት እናስታውስ ብሎ የተነሳው ኢንዮስ ግሬናዴርም ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ብቻ ነው። በ2023 ባለ 70 ላንድክሩዘር 2.8 ሊትር ሞተር ከባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ጋር ሲገጠምለት አውስትራሊያ ውስጥ የእርሻና የማዕድን ሰዎች አጉረመረሙ። ብዙም ሳይቆይ ቶዮታ ለዚያው ሞተር ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል አመጣላቸው።

ለቁልቁለቱም መላ ተፈልጓል። በ1997 የወጣችው ላንድሮቨር ፍሪላንደር ትራንስፈር ስላልነበራት ከባድ ማርሽ አልነበራትም፤ በምትኩ ፍሬኑን በራሷ እየነካካች በቀስታ የምታወርድ መቆጣጠሪያ ተሠራላት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ አዳዲስ የገጠር መኪኖች ይህ ዓይነት ቁልፍ አላቸው።

ሊማሊሞ ላይ ግን ቁልፉን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ያ ጣሊያን የቆረጠው መንገድ በገደል ደረት ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ሰው ከታች ሲደርስ ሸራው ይሸታል። ስለዚህ ሾፌሩ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በፊት ጥግ ይይዝና ማርሹን ያወርዳል፤ አሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር የያዘው ካምቢዮውን ወደ ሁለተኛ ይጎትታል፣ አውቶማቲክ የያዘውም ዘንጉን ከዲ አውርዶ ሁለት ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ፣ እግሩ ከፍሬኑ ተነስቶ፣ ቁልቁል ይጀምራል።